ዕቃው ሞጣ ይደርሳል፤ መመለሱ ላይ ነው ነገሩ

የኦንላይን ንግድ ከአዲስ አበባ ለምን አልወጣም ሲባል ቀድሞ የሚነሳው ኔትወርክ ነው። ውሸት አይደለም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የቴሌግራም ሱቆች ለጎጃሞቹ ከተሞች ለብቸናም ለሞጣም አብረው ተዘጉ፤ ለወራትም እንደተዘጉ ቆዩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኔትወርክ ባለበት ቀን የሚሆነው ነው። ገንዘብ ከ2013 ወዲህ በቴሌብር በደቂቃ ከሞጣ መርካቶ ይገባል። የአዲስ አበባ ገዢ ግን ዕቃውን በሞተረኛ እጅ ያያል፣ ጫማውን ይለካል፣ ካልሆነው ሳይከፍል ይመልሳል። ለክፍለ ሀገር ሲሆን «ቅድሚያ ክፍያ» ይባላል። ዕቃው አውቶቡስ ላይ ይጫናል፣ የረዳቱ ስልክ ይላካል፣ ተቀባዩ መናኸሪያ ወጥቶ ይጠብቃል። ከደጀን በብቸና ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ከተዘጋማ ጥበቃው ይረዝማል።

ደርሶስ 40 ቁጥር ያዘዘው 38 ቢመጣለት? መልሶ የሚጭነው በራሱ ኪሳራ ነው፣ ያውም ሻጩ ስልክ ካነሳ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ ይፈቅዳል። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ከግዢው ጀምሮ ነው፤ ዕቃው መንገድ ላይ ሲውል ሲያድር የገዢው ቀን ያልቃል።

ሕንድ ውስጥ ፍሊፕካርት በ2010 እ.ኤ.አ. «ዕቃው ሲደርስ ክፈሉ» ማለት የጀመረው ይህንኑ ፍርሃት አይቶ ነው። እኛ ዘንድ ስጋቱን የሚሸከመው አቅሙ ያነሰው ወገን ሆኗል።

ስለዚህ የሞጣ ሰው ስልኩ ላይ ዋጋ አይቶ የሚገዛው እዚያው ከከተማው ሱቅ ነው፤ የሚጨምረው ብር ነገ ሄዶ የሚጨቀጭቀው ሰው የማግኘት ዋጋ ነው። ሞኝነት አይመስለኝም። የሚያስቆጨው የወዲያኛው ጉዞ ነው። የጎጃምን ጤፍ በስልክ አይቶ የሚያዝ አዲስ አበቤም ጥራቱ ባይሆን ለማን ይመልሳል? ስለዚህ ጤፉ አሁንም በደላላና በእህል በረንዳ በኩል ያልፋል፤ ትርፉም እዚያው ይቀራል።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 «ዘመን ገበያ»ን ከፍቷል። መተግበሪያው ያምራል ወይ ከማለቴ በፊት፣ ብቸና ላይ ያልሆነ ዕቃ የሚረከብ መስኮት የት እንዳለና የመልሱን ጭነት ማን እንደሚከፍል እጠይቃለሁ።