ለፋይብሮማያልጂያ ሕመም ሁለተኛ የሐኪም አስተያየት መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?

መላ አካልን እየዞረ የሚያም፣ እንቅልፍ የማይፈውሰው ድካም የሚያስከትልና በደም ምርመራም ሆነ በራጅ የማይታይ የረጅም ጊዜ ሕመም በሕክምናው ዘርፍ ፋይብሮማያልጂያ በመባል ይታወቃል። ሕመሙ ከመቶ ሰዎች ከ2 እስከ 4 የሚሆኑትን እንደሚያጠቃ የሚገመት ሲሆን፣ በብዛት የሚታየው በሴቶች ላይ ነው። በአገራችን ስሙ እምብዛም ያልተለመደ በመሆኑ "ሪህ ነው"፣ "ብርድ ነው"፣ "ነርቭ ነው" እየተባለ ሳይለይ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ በመሥሪያ ቤቶች የራሱ ገጽታ አለው። የሕመሙ ምልክት ለዓይን የማይታይ በመሆኑ "ምንም አልተገኘበትም" የሚል የምርመራ ውጤት ይዞ የተመለሰ ሠራተኛ በኃላፊዎቹና በባልደረቦቹ ዘንድ ሥራ ጠል ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ግን ሕመሙ የፈጠራ አይደለም፤ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሕመም መልእክቶችን ከተለመደው በላይ አጉልተው በማስተናገዳቸው የሚከሰት ነው።

የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መስፈርት መሠረት ሐኪሙ በሰውነት ላይ ከተለዩ 18 ቦታዎች ቢያንስ 11 የሚሆኑት ሲጫኗቸው የሚያሙ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣውና በ2016 በተሻሻለው መስፈርት ግን ሕመሙ የተሰራጨባቸው የአካል ክፍሎች ብዛት፣ ድካም፣ የእንቅልፍ ጥራትና የማስታወስ ችግር በነጥብ ይመዘናሉ፤ ምልክቶቹ ቢያንስ ለ3 ወራት መቆየታቸውም ይታያል።

የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በሽታውን በአንድ የላቦራቶሪ ውጤት ማረጋገጥ ስለማይቻል ውሳኔው በሐኪሙ ጥያቄና የአካል ምርመራ ላይ ይመሠረታል። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ የመገጣጠሚያ ቁጣና ሉፐስ ተመሳሳይ ምልክቶች ሊያሳዩ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱ ከፋይብሮማያልጂያ ጋር አብሮ ሊገኝም ስለሚችል አንዱ መገኘቱ ሌላው የለም ለማለት አያስችልም።

በሕክምናውም ረገድ ልዩነት አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዚህ ሕመም ፕሪጋባሊንን እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዱሎክሴቲንን በ2008፣ ሚልናሲፕራንን ደግሞ በ2009 ሲፈቅድ፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ግን እነዚህኑ መድኃኒቶች ለዚህ ሕመም አልፈቀደም። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ሊግ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ጠንካራ ድጋፍ የሰጠው ለአካል ብቃት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለት ሐኪሞች የተለያየ ሕክምና ቢያዙ ከሁለቱ አንዱ የግድ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ በተለይ የሚመከረው በቂ የአካል ምርመራ ሳይደረግ የበሽታው ስም ሲሰጥ፣ ሕክምናው በተባለው ጊዜ ውስጥ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር እንዲሁም ስቴሮይድ ወይም የሞርፊን ዝርያ የሆኑ ማስታገሻዎች ለረጅም ጊዜ ሲታዘዙ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ ማስታገሻዎችም ለፋይብሮማያልጂያ እምብዛም የማይጠቅሙ ሲሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ የመገጣጠሚያ ዕብጠት ወይም የእጅና የእግር መዛል ከታየ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም መቅረብ ይገባል።

አንዳንድ ታካሚዎች "ሐኪሙ ይቀየመኛል" በሚል ይሉኝታ ጥያቄውን ከማንሳት ይቆጠባሉ። ይሁን እንጂ የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 በሊዝበን ባጸደቀው የታካሚዎች መብት መግለጫ፣ ታካሚ በማንኛውም የሕክምና ደረጃ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት እንዳለው ተደንግጓል። ስለዚህ ታካሚው የሕክምና ታሪኩን ማጠቃለያ፣ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤቶቹን እንዲሁም የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው በመያዝ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የሪፈራል ወረቀት በመጠየቅ፣ ወደ ሌላ ሐኪም ሊሄድ ይችላል። በአገራችን የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስቶች ጥቂት በመሆናቸው ልምድ ያለው የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ምርመራውን ሊያካሂድ ይችላል።

ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ከሐኪም ሐኪም ከመንከራተት ይለያል። የቀድሞውን ማስረጃ ደብቆ እንደ አዲስ መጀመር ምርመራ እንዲደጋገምና የማይስማሙ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲወሰዱ ምክንያት ይሆናል። ሁለቱ አስተያየቶች ከተለያዩ ምክንያቱን ጠይቆ መረዳት፣ ከዚያም ክትትሉን በአንድ ሐኪም ሥር ማድረግ ይመረጣል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ድርሻ አላቸው። ሠራተኛው ለምርመራ የሚጠይቀውን ፈቃድ በሐኪም ማስረጃ መሠረት በአግባቡ ማስተናገድ፣ ለረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚሠራውም በየመሐሉ ተነስቶ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ወጪ የማይጠይቅ ድጋፍ ነው። የሕመሙ ምንነት በትክክል ሲታወቅ ሠራተኛው በሥራ ገበታው ላይ የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል፤ መሥሪያ ቤቱም ልምድ ያለው የሰው ኃይሉን ከማጣት ይድናል።