ቀፎውና ቀለሙ ሲስማሙ

በዚህ ወር ልናወጋችሁ የፈለግነው ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስለ ብዕር ቀፎና በውስጡ ስለሚሞላው ቀለም ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። እኛም በገዛ እጃችን ባጠፋነው ጥፋት አንዲት ልጅ ከትምህርት ገበታዋ ልትነሳ እስክትደርስ ድረስ እንደዚያው እናስብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የአንድ ክፍል ኃላፊ ነበርን። በአገራችን በቆየው ልማድ የተማሪ ካርድ ሲሞላ የማለፊያ ውጤት በሰማያዊ ወይም በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ ከሃምሳ በታች የሆነው ደግሞ በቀይ። በእጃችን ቀለም የሚሞሉ ሁለት ብዕሮች አሉ። ሁለቱም ቀፏቸው ጥቁር፣ ቁመታቸው እኩል፣ ክዳናቸው አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ፣ ሌላው እንደ በሰለ የዘጌ ቡና የጠቆረ ቀይ ተሞልቷል።

ካርዱን የምንሞላው ሌሊት ነበር። መብራት ጠፋ፤ ሻማ አበራን። የመጨረሻዋን ተማሪ ካርድ ስንጀምር ከጠረጴዛው ላይ ያነሳነው ብዕር የተሳሳተው ነበር። እርጥብ ቀለም በሻማ ብርሃን ሁሉም ጥቁር ይመስላል። በማግስቱ ጠዋት በጥድፊያ አደልነው።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ መጥታ «ቲቸር፣ ጓደኛዬ እኮ ከእንግዲህ አትማርም፤ አባቷ ገጠር አክስቷ ዘንድ ሊሰዷት ነው» አለችን። ደንግጠን ወደ ቤታቸው ሄድን። አባትየው ሸማኔ ናቸው። ከጉድጓዳቸው ሳይነሱ እጃቸውን ከመወርወሪያው ላይ አንስተው ሰላምታ ሰጡንና ካርዱን አስመጡ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ መምህር» አሉን። «ቀይ ግን አውቃለሁ።»

ልጅቱ «አባዬ፣ ሰባ ስምንት እኮ ነው» ብላ ነግራቸው ኖሯል። እርሳቸውም «ታዲያ ቀዩን ማን ጨመረበት?» ሲሏት መልስ አጥታ አለቀሰች። ካርዱን ተቀብለን በቀን ብርሃን አየነው። ሰባ ስምንት፣ ሰማንያ አንድ፣ ስድሳ ዘጠኝ፤ አንድ እንኳ የወደቀችበት ትምህርት የለም። ሁሉም ግን በቀይ ተጽፏል። ቁጥሩ እውነት፣ ቀለሙ ውሸት ነበር። አባት ያነበቡት ደግሞ ቀለሙን ነው።

የዚያን ቤት ታሪክ መጨረሻ ወደኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ቀለም እንዲህ ያለ ሥልጣን ከወዴት አገኘ?

ቀለም ቋንቋ ነው

«ቀለም» የምንለው ቃል በዐረብኛ የመጻፊያው ስም ነው። ቅዱስ ቁርአን ውስጥ 68ኛዋ ሱራ በዚሁ ስም ትጠራለች፤ መክፈቻዋም ላይ አላህ (ሱ.ወ.) በብዕር ምሏል። ወደ አማርኛ ሲመጣ ቃሉ ከመጻፊያው ወደሚጻፍበት ፈሳሽ ተሻገረ፤ ከዚያም የቀይና የአረንጓዴ፣ የሁሉም መልክ ስም ሆነ። አልፎም ዕውቀት ማለት ሆነ። «የቀለም ትምህርት» እንላለን። ዕውቀቱ የጠለቀውን ሰው ደግሞ «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን።

ይህ አባባል በአየር ላይ የተፈጠረ አይደለም። የጥንት ጸሐፍት ቀለማቸውን የሚይዙት በከብት ቀንድ ነበር። ሹሉን ጫፍ መሬት ላይ ይተክሉታል፤ በአንዱ ቀንድ ጥቁር፣ በሌላው ቀይ ይሞላሉ። እኛ ከምንኖርበት ከተማ በጀልባ ተነስቶ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም በዘጌ ልሳነ ምድር ወደሚገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የተሻገረ ሰው የዚህን ሥራ ውጤት ያያል። ክርስቲያን ወገኖቻችን በጣና ገዳማት ለዘመናት ያቆዩአቸው የብራና መጻሕፍት ጽሑፋቸው በጥቁር ሆኖ፣ የሚያከብሯቸው ስሞችና የምዕራፍ መነሻዎች በቀይ ተጽፈዋል። ግእዝ የማያውቅ ሰው እንኳ ገጹን ሲገልጥ የከበረው ቃል የት እንዳለ ይለያል።

በእኛም ቤት ያው ነው። በሐረርና በወሎ በተጻፉ የእጅ ጽሑፎች ማብራሪያው በጥቁር፣ የሚብራራው ዋና ቃል በቀይ የሚቀመጥበት ልማድ አለ። ማየት የሚፈልግ ሐረር በአብዱላሂ ሸሪፍ ወደተመሠረተው ሙዚየም ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1963 እ.ኤ.አ. ወደተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ጎራ ይበል።

ልብ በሉ! እዚህ ላይ ቀይ የክብር ምልክት ነው። በካርዱ ላይ ግን የውድቀት ምልክት ሆነ። ቀለም በራሱ ደግ ወይም ክፉ አይደለም። ሰዎች የተስማሙበትን ይናገራል። ስምምነቱ ከፈረሰ ግን ይዋሻል።

ከሙስሐፉ የምንማረው

የዚህ ስምምነት ታላቁ ምሳሌ የሚገኘው በቁርአን አጻጻፍ ታሪክ ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙስሐፎች የአነባበብ ምልክት አልነበረም። ዐረብኛ አፋቸውን ያልፈቱበት ሕዝቦች ወደ እስልምና ሲገቡ የማንበብ ስሕተት መብዛቱ አሳሳቢ ሆነ። በ69 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ አንድ ጸሐፊ አስቀምጠው ነጥብ ያስነጥቡ ጀመር። ለፈትሓ ከፊደሉ በላይ፣ ለከስራ ከበታቹ፣ ለደማ ከጎኑ። ለጸሐፊው የሰጡት ትእዛዝ ታዲያ ነጥቦቹ ከሙስሐፉ ቀለም በተለየ ቀለም እንዲሆኑ የሚል ነበር። ለምን? የተጨመረው ከነበረው ጋር እንዳይደባለቅ ነዋ!

በሁለተኛው የሂጅራ መቶ ዓመት ኸሊል ኢብን አሕመድ አል-ፈራሂዲ ዛሬ የምናውቃቸውን ምልክቶች ሠሩ። እነዚህ ቅርጻቸው ራሱ የተለየ ስለሆነ በዚያው ጥቁር ቀለም ቢጻፉም አያሳስቱም። ከዚህ አንድ ደንብ እናወጣለን። ሁለት ነገሮች ሥራቸው ከተለያየ ወይ በቀለም ወይ በቅርጽ መለየት አለባቸው። የእኛ ሁለት ብዕሮች በሁለቱም አልተለያዩም ነበር።

የተደበቀው ቀለም

በመቃ ብዕር የጻፈ ሰው ይህ ችግር አይደርስበትም። በቁርአን ቤት ሳለን መቃውን በቢላ ቀርጸን፣ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠው ቀለም እየነከርን በሉሕ ላይ ስንጽፍ ቀለሙ ዓይናችን ሥር ነበር። ትምህርቱ ሲያዝ ሉሑን በውኃ አጥበን ለሚቀጥለው እናዘጋጃለን። ሊደበቅ የሚችል ነገር አልነበረም።

ቀለሙ ወደ ውስጥ የገባው ብዕር የራሱን ጎተራ ሲያበጅ ነው። በአሥረኛው መቶ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የፋጢሚዮች ገዥ የነበረው አል-ሙዒዝ ቀለሙን በውስጡ የሚይዝ፣ ቢገለበጥ የማያፈስ፣ እጅና ልብስ የማያበላሽ ብዕር እንዲሠራለት ማዘዙንና መሠራቱንም ቃዲ ኑዕማን ጽፈዋል። በኋላም በ1884 እ.ኤ.አ. ዋተርማን የተባለው አሜሪካዊ በጎተራ ብዕር ሥራው የባለቤትነት መብት አገኘ። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ቀፎዎች ከጠጣር ጎማ የሚሠሩ ጥቋቁሮች ነበሩ። በ1921 እ.ኤ.አ. ፓርከር «ዱኦፎልድ» የተባለውን ቀይ ቀፎ ብዕር አወጣ። ቀጥሎም አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ተከተለ። የብዕር ወዳጆች ቀለሙን ከቀፎው ጋር ማዛመድ እንዲያምራቸው መንገዱ የተከፈተው ያኔ ነው።

ብዙዎች ይህን የቅንጦት ጨዋታ ያደርጉታል። ነገር ግን በየተማሪው ኪስ የምናገኘውን ቢክ እስክሪብቶ ተመልከቱ። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ርካሽ ዕቃ ቀፎው ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ክዳኑና የጀርባው ውታፍ ደግሞ የቀለሙን መልክ ይይዛል። ቀይ ክዳን ካየህ ውስጡ ቀይ ነው። ውጩ ስለ ውስጡ ይመሰክራል። ይህን ያሰቡት ለውበት ብቻ አይደለም፤ ሰው እንዳይሳሳት ነው።

እንዴት እናዛምድ?

ቀለም የሚሞላ ብዕር ዛሬ በጥቂቶች እጅ ነው ያለው። ቢሆንም የሚጽፉበት ወጣቶች ስላሉ በልምድ ያየነውን እናካፍል።

1ኛ፦ ቀይ ቀለም የምትሞሉበት ብዕር ቀፎው ከሌሎቹ የተለየ ይሁን። ቀይ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልተገኘ ክዳኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚያስቸግራቸው ሰዎች ስላሉ፣ ይህም በወንዶች ላይ ስለሚበዛ፣ በእጅ የሚዳሰስ ምልክት ቢጨመር መልካም ነው።

2ኛ፦ ነጣ ባለ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ ቀፎ ውስጥ ቀይና ሐምራዊ ቀለም ለረጅም ጊዜ አታቆዩ። ብዙዎቹ ቀፎውን ነክረው ያስቀሩታል፤ ኋላ ሰማያዊ ብትሞሉበት እንኳ ውጩ ሌላ ይናገራል።

3ኛ፦ ለሰነድ የሚሆነውን ለይታችሁ አንድ ጠቆር ያለ ቀፎ ስጡት። ከእንዝርት ዛፍ ሳይሆን ከባሉጥ ዛፍ እባጭና ከብረት ጨው የሚሠራው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ሲጻፍ ፈዝዞ በአየር እየጠቆረ ይሄዳል፤ ውኃም በቀላሉ አያጠፋውም። በአንጻሩ የሚታጠብ ተብሎ የሚሸጠው ሰማያዊ በጣና ዳር ክረምት አንድ ጠብታ ውኃ ካገኘው ይሰረዛል። አል-በቀራ ሱራ 282ኛ አንቀጽ ብድር እንዲጻፍ አዟል። የብድር ውልና የኒካሕ ሰነድ በሚታጠብ ቀለም መጻፍ ያልተጻፈ ያህል ነው።

4ኛ፦ የተጣመረውን አትለያዩ። ቀለም መቀየር ግድ ከሆነ የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ ድረስ ብዕሩን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ እጠቡ። የተለያዩ ፋብሪካዎችን ቀለም በአንድ ብዕር አትቀላቅሉ፤ ረግቶ ሊደፍነው ይችላል።

5ኛ፦ የሉሑን የጥላሸት ቀለምም ሆነ የሥዕል ቀለም እዚህ ብዕር ውስጥ አትጨምሩ። ጥላሸቱና ሙጫው ቀጭኑን መውረጃ ይዘጋዋል። ለመቃ የተሠራው ለመቃ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ውድ ብዕር ልግዛ ማለት ኢስራፍ ነው። ወላጆች በችግር ደብተር በሚገዙበት ቤት አሥር ብዕር ደርድሮ መኩራራት አያምርም። የምንለው ውጩ ውስጡን ይግለጥ ነው። ለዚህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ይህንን ያስተማሩን እኚያው ሸማኔ ናቸው።

የሸማኔው ክር

የዚያን ቀን ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ነግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ልጅቱ ከክፍሏ ደህና ውጤት ካመጡት አንዷ መሆኗንም አስረዳናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ልጃቸውን ጠርተው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «አፉ በይኝ» አሏት። እርሷም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

በማግስቱ በርእሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም አዲስ ካርድ ተሠርቶ ወሰድንላቸው። «እስቲ ያንን ያሳሳተዎትን ብዕር ያሳዩኝ» አሉን። ሁለቱንም ሰጠናቸው። አገላብጠው አዩና «አሁን ይኼን ማን ይለየዋል? መምህር፣ እኛ ጥለት የምናስገባው ለጌጥ ብቻ ይመስልዎታል? ጥለቱን ያየ ጋቢው የማን እንደሆነ ያውቃል» አሉ። ከጥለታቸው ክር ቀዩን መዘው በአንዱ ብዕር ወገብ ላይ ሰባት ጊዜ ጠምጥመው ቋጠሩልን።

ክሩ ዛሬም አለ። አልፎ አልፎ መብራት ይጠፋል፤ ካርድም መሙላቱ አልቀረም። በጨለማ ጣታችን መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ቋጠሮ ነው። ልጅቱም ትምህርቷን አላቋረጠችም፣ አልሐምዱሊላህ።

እናንተ ወላጆች፣ የልጃችሁ ካርድ ሲመጣ ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ልጃችሁን ጠይቁ፣ መምህሩንም ጠይቁ። እናንተ መምህራን ወንድሞችና እኅቶች፣ የምንጽፈውን ሁሉም ባያነበው እንኳ ቀለሙን የማያነብ የለምና ብዕራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት እወቁት። ውጫችንና ውስጣችን የተስማማ ያድርገን፤ አሚን።