አብራሪው ስንት ኩንታል ነው?

ተዋጊ ጄት በላያችን ሲያልፍ ሁላችንም ወደ ድምፁ እናንጋጥጣለን፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ደርሷል። ድምፁንስ ተዉት። በጣሊያን ዘመን የጎጃም አርበኛ አውሮፕላንን ያወቀው በቦምቡ ነው፤ ጩኸቱን አድንቁልኝ ብዬ ልለምናችሁ አልችልም። እኔን የሚደንቀኝ ውስጡ የተቀመጠው ሰው ነው።

ማማ ላይ ሆኖ ወፍ የጠበቀ ወንጭፍ ያውቃል። ድንጋዩ በፈጠነ ቁጥር ገመዱ እጅን አጥብቆ ይጎትታል። ጄቱ በፍጥነት ሲታጠፍ አብራሪው ያ ድንጋይ ነው። ክብደቱ ሰባት እጥፍ ሲሆን አብራሪዎቹ «7 ጂ» ይሉታል፤ 70 ኪሎ የነበረው ሰው 490 ኪሎ ይሆናል፣ አምስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው! ደሙም ይከብድና ወደ እግሩ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ እይታው ከዳር ወደ መሃል ይጠብባል፣ ከዚያ ይጨልማል፣ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። ይህ እንዳይመጣ ጭኑንና ሆዱን አጥብቆ ይወጥራል፤ ትንፋሹን ይዞ በየ3 ሰከንዱ ገደማ ቶሎ አስወጥቶ ቶሎ ይስባል። የለበሰው ልዩ ሱሪም በአየር ተነፍቶ እግሩንና ሆዱን ይጨምቅለታል። ይህን ሁሉ እያደረገ መሪውን የሚነካው በጣቶቹ ነው፣ ያውም በስሱ።

አሁን ይህን አብራሪ ደብረ ማርቆስ ላይ አምጡትና ትርዒት አሳየን በሉት። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፍ ደግሞ የሚደገፈው በአየር ነው። ያንኑ ድጋፍ ለማግኘት ጄቱ 13 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይፈልጋል። ሽቅብ ወጥቶ፣ ተገልብጦ፣ ቁልቁል የሚመለስበት ክብ ደግሞ የሚሰፋው በፍጥነቱ ካሬ ነው። እዚያ ታች 1,000 ሜትር የነበረው ክብ እዚህ 1,270 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሞተሩም በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ደጋ ላይ መገለባበጥ ቀልድ አይደለም።

ከፍታን መሳት ምን እንደሚያመጣ በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። የአየር ኃይሉ ትርዒት ቡድን፣ የተንደርበርድስ አብራሪ አይዳሆ ውስጥ ሲያሳይ የሜዳውን ከፍታ ለመደበኛ መለማመጃቸው በሚሠራው ሒሳብ አሰበው። ትርዒቱ የሚካሄድበት ሜዳ ግን ከዚያኛው ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ይል ነበር። ተገልብጦ ቁልቁል ሲመጣ መሬቱ ቀድሞ ጠበቀው። ኤፍ-16ቱ ከመከስከሱ አንድ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ በመቀመጫው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ተረፈ።

የእኛም ሰዎች ያደጉት በደጋ አየር ነው። የአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ከወጡት መካከል ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ የኦጋዴን ጦርነት ሲነሣ ሶማሊያ ሚግ-21 ነበራት፤ በቀጥታ ሩጫ የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ይነካል። የእኛ ኤፍ-5ኢ 1.6 እጥፍ ላይ ይቆማል። በወረቀት ተሸንፈናል ማለት ነው። ውጊያው ግን በመታጠፍ ነበር፤ ትንሹ ኤፍ-5 ፍጥነቱ ዝግ ሲል በጠባቡ ይዞራል፣ ሙቀት ተከትሎ የሚመታ ሚሳይልም አለው። ለገሠ በርካታ ሚጎችን ከጣለ በኋላ እሱም ተመትቶ ተማረከ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ኖሮ በ1980 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በፍጥነት ከሚበልጥህ ጋር ገጥመህ እሱ ወደማይመቸው ጠባብ መዞሪያ መሳብ፣ ለእኔ የአብራሪነት ጥጉ ይኸ ነው።

ያው የለገሠ ዓይነት ኤፍ-5ኢ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስዊዘርላንድ ትርዒት ቡድን፣ የፓትሩዊ ስዊስ መጋለቢያ ሆኗል፤ ስድስቱ ተጠጋግተው በተራሮች መካከል ይበራሉ። ቪዲዮአቸውን ካገኛችሁ ጭሱን ተዉና የክቡን አናት ተመልከቱ። እዚያ ፍጥነታቸው የመጨረሻ ዝግ ይላል፣ ተገልብጠዋል፣ ክቡን መዝጋት ወይም ገልበጥ ብሎ መውጣትም የሚወሰነው እዚያው ነው፤ ከፍታው ከጎደለ ተመልካች ቢያጨበጭብም ባያጨበጭብም ይወጣሉ።