ያውቁ ኖሯል? ነገን ከመተማ ሲያዩት

● መተማ ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ አንዴ ከተስተካከለ ሳተላይቱን ሲከተል አይውልም። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ቦታውን አይለቅም። በእንዲህ ያሉ ሳተላይቶች ዓለምን ማገናኘት እንደሚቻል በ1945 እ.ኤ.አ. የጻፈው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲው አርተር ሲ. ክላርክ ነው። የመጀመሪያዋ ሳተላይት የመጠቀችው ከ12 ዓመት በኋላ ነበር።

● ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ልብ ወለድ ሮኬትም ሮቦትም የለበትም። ሆኖም ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰው አወቀ የሠርግና የተዝካር ልማድ ቢለወጥ ኑሮ ምን ሊመስል እንደሚችል ለአንባቢ ያሳያል።

● ኮፐርዋየር የተባለው ቡድን በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሂፕ ሆፕ አልበም ታሪኩ በ2089 የሚካሄድ የጠፈር ጉዞ ነው። ከአባላቱ መካከል ትውልደ ኢትዮጵያውያኑ መክሊት ሀደሮና ገብርኤል ቴዎድሮስ ይገኙበታል።

● ስቲቨን ስፒልበርግ በ2002 እ.ኤ.አ. ለታየው «ማይኖሪቲ ሪፖርት» ፊልም የነገውን ዓለም የሚቀርጹለት ባለሙያዎች አሰባስቦ ነበር። ኮምፒውተርን በእጅ እንቅስቃሴ የማዘዙን ትዕይንት የቀረጸው ጆን አንደርኮፍለር በኋላ እውነተኛውን መሣሪያ ሠራ።

● ገና ያልመጣ ዘመን ዕቃ እንዳለ አስመስሎ ሠርቶ ሰውን ማወያየት ዛሬ ራሱን የቻለ የዲዛይን ዘርፍ ነው። ደራሲው ብሩስ ስተርሊንግ በ2005 እ.ኤ.አ. «ዲዛይን ፊክሽን» ብሎ ሰየመው።

● ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 እ.ኤ.አ. በሠራችው «ፑምዚ» አጭር ፊልም፣ ከውሃ ጦርነት የተረፉ ሰዎች ላባቸውንና ሽንታቸውን አጣርተው ይጠጣሉ። ጀግናዋ አሻ ግን አንዲት ችግኝ ልትተክል በረሃውን ታቋርጣለች።

● መተማ ውስጥ ችግኝን የሚመለከተው ጥያቄ ልብ ወለድ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ሁኔታው ካልተለወጠ የእጣን ዛፍ በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ ምርቱም በ15 ዓመት በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስልቷል። ዘሩ ይበቅላል፤ ቡቃያው ግን ለዛፍነት አይደርስም። ልቅ ግጦሽና ሰደድ እሳት ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው።

● ከላይ የተነሳውን የ«ዲዛይን ፊክሽን» ዘዴ ለመሞከር ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የ2062 እ.ኤ.አ. (ጥናቱ 50 ዓመት የሚሞላበት) የመተማዋ ገንዳ ውሃ ከተማ የእጣን ደረሰኝ ሁለት ዓይነት አድርገው ይጻፉ፤ አንዱ በግራም፣ ሌላው በኩንታል። ከዚያ የዛፉን ባለቤት፣ ከብት አርቢውንና እጣን ለቃሚውን ሰብስበው «ሁለተኛው እንዲቆረጥልን ዘንድሮ የትኛው መሬት ይከለል?» ብለው ይጠይቁ።