መሐላውን ማን ይቀበላል?

አንዲት ሱዳን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መንግሥት አስምላለች። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2025 ካሚል ኢድሪስ በጦሩ አዛዥ በጄኔራል አብዱልፈታህ አልቡርሃን ፊት ቀርበው በጠቅላይ ሚኒስትርነት ማሉ። ሦስት ወር ቆይቶ፣ ኦገስት 30፣ የአልቡርሃን የጦርነት ተቀናቃኝ መሐመድ ሐምዳን ደጋሎ (ሄሜቲ) ዳርፉር ውስጥ ኒያላ ላይ የሌላ መንግሥት ፕሬዚዳንታዊ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የመጀመሪያው ሥርዓት የተካሄደው ፖርት ሱዳን ነው። የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት ያለው ግን ካርቱም፣ ዓባይ ዳር ነው። የሱዳን ሹማምንት በተለምዶ የሚምሉት እዚያ ነበር። የደቡብ ሱዳን አማፅያን መሪ የነበሩት ጆን ጋራንግ ጁላይ 9 ቀን 2005 ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው የማሉት ካርቱም ውስጥ ነው፤ ወር ሳይሞላቸውም ሞቱ።

ስለ ሹመት መሐላ ሲወራ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በቃላቱ ላይ ያተኩራል። አሜሪካኖች ባራክ ኦባማ በጃንዋሪ 2009 ሲምሉ የቃላት ቅደም ተከተል ስለተዛባ በማግስቱ መሐላውን አስደግመዋል። በእኔ እምነት ግን ከቃሉ ይልቅ መታየት ያለበት ተቀባዩ ነው። ሹሙ የሚምለው በማን ፊት ነው? ቃሉን ቢያፈርስስ ያ ተቀባይ ምን ማድረግ ይችላል?

በእኛ አገር ተቀባዩ ለረጅም ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ የተቀበለችውንም መፍታት ትችል ነበር። መኳንንቱ ለልጅ ኢያሱ የገቡት ቃል በግዝት የታሰረ ስለነበር፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲያወርዷቸው ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላው እንዲፈቷቸው አስፈልጓል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ የኦርቶዶክስ ሃይማኖትን እንዲጠብቁ ያስምላቸው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 ለፕሬዚዳንቱ ያስቀመጠው ቃል አጭር ነው፤ የእግዚአብሔር ስም የለበትም፣ የሚነገረውም በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ፊት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን በኦክቶበር 2021 ያስማሏቸው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይከነክነኛል፤ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይህን የዳኝነት ሹመት ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው ራሱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

ወደ ሱዳን ስመለስ ከማንም በላይ የምቆምበት ሰው ባቢከር አወደላ ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 1955 ፓርላማው ነጻነትን ሲያውጅ አፈ ጉባኤው እሱ ነበር። ከ1964ቱ የኦክቶበር አብዮት በኋላ የዳኞች አለቃ ሆነ። በ1965 ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የኮሚኒስት ፓርቲን አገደ፣ ተመራጮቹንም አባረረ። የፓርቲው አባል ጆሴፍ ጋራንግና ጓደኞቹ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በዲሴምበር 1966 ማሻሻያው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናል ብሎ ፈረደላቸው። የጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አልማህዲ መንግሥት ግን ፍርዱን አልፈጽምም አለ። ሕገ መንግሥቱን ሊያከብሩ ቃል የገቡ ሰዎች ሕገ መንግሥቱን የተረጎመውን ችሎት እንዳልሰማ ሆነው አለፉት። አወደላ በ1967 ሥልጣኑን ለቀቀ። አንድ ዳኛ ለመሐላው ሊከፍል ከሚችለው ዋጋ ይህ ትልቁ ይመስለኛል።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ሐውልት ይገባው ነበር። ነገር ግን ሜይ 25 ቀን 1969 ጃፋር ኒሜሪ መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አብሮት የቆመው ይኸው አወደላ ነው። ፍርዱ ሲናቅ ያየ ሰው በፓርላማው ተስፋ መቁረጡ ይገባኛል፤ ለወታደር ማደሩን ግን ልቀበለው አልችልም። ከሳሹ ጆሴፍ ጋራንግ የዚያው መንግሥት ሚኒስትር ሆኖ ቆይቶ በ1971 በኒሜሪ ትእዛዝ ተሰቀለ። ኒሜሪ በመጨረሻ ዘመኑ ራሱን ኢማም አሰኝቶ ከሹማምንቱ በይዓ፣ ማለትም የታማኝነት ቃል፣ ወደ መቀበል ሄደ።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ በኦገስት 2019 የተላለፈውን ምስል ብዙዎች ያስታውሱታል። ቡርሃን ዥጉርጉር የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አረንጓዴ ቆባቸውን ደፍተው፣ አንድ እጃቸውን ቁርዓኑ ላይ አኑረው፣ የመኮንን ዱላቸውን በብብታቸው ይዘው የሽግግሩ ሉዓላዊ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ለመሆን ማሉ። በዚያው ቀን የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክም ማሉ። በኦክቶበር ኒዕማት አብደላ ኸይር የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት የዳኞች አለቃ ሆኑ፤ መዓዛ አሸናፊ አዲስ አበባ ላይ ከተሾሙ ዓመት ሳይሞላ። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ቡርሃን የማሉለትን የሽግግር ምክር ቤት በተኑ፣ በኖቬምበር ሌላ ምክር ቤት አቋቁመው እንደገና ማሉ። መጀመሪያ የገቡትን ቃል አፍርሰዋል ብሎ የጠየቃቸው ችሎት አልነበረም። በሽግግሩ የሕገ መንግሥት ሰነድ የዳኞችን አለቃ የመምረጥ ሥልጣን የታሰበው ለከፍተኛው የዳኝነት ምክር ቤት ነበር፤ ታንኮቹ መንገድ ላይ ሲወጡ ያ ምክር ቤት ገና አልተቋቋመም።