የመኪና መድን፣ የብረት ዋጋና የሰው ዋጋ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን ሲያቋርጥ፣ ለተሽከርካሪ ብቻ የተሠራ መንገድ መሆኑ ይቀርና ፈረሰኛውም፣ ባለጋሪውም፣ ከገበያ የሚመለሰው እግረኛም ከነከብቱ የጋራ ርስታቸው አድርገው ይሄዱበታል። የፋግታ ለኮማን ከሰል ወይም የባንጃን ድንች የጫነ አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ፣ ባጃጁ በመካከል ሲሽሎከለክ፣ የክረምቱም ጉም ከላይ ወርዶ ዐይን ሲጋርድ፣ አደጋ በዚህ መንገድ ላይ እንግዳ ነገር አይሆንም። በአዊ ምድር መኪና ያለው ሰው መድን አስፈላጊ መሆኑን የማይክደው ስለዚህ ነው። ምሬቱ ሌላ ነው፤ ይኸውም አረቦኑ በየዓመቱ ሲጨምር እየከፈለ ቆይቶ፣ በአደጋው ቀን የሚቀበለው ካሳ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን መሆኑ ነው።

ይህን ምሬት ለመመርመር አስቀድሞ ሁለቱን የመድን ዓይነቶች መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ሦስተኛ ወገን የሚባለውና ሕግ የሚያስገድደው ሲሆን፣ መኪናው በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስ ይሆናል፤ ያለእርሱም የዓመቱ ቦሎ አይለጠፍም። ሁለተኛው ሙሉ መድን ነው፤ ይህ በባለቤቱ ፈቃድ የሚገባና የራሱን መኪና ከግጭት፣ ከመገልበጥ፣ ከእሳትና ከስርቆት የሚጠብቅ ውል ነው። ብዙ ሰው ቦሎ በሚያስለጥፍበት ቀን የከፈለው የሦስተኛ ወገን ገንዘብ የራሱንም መኪና የሚያሠራለት ይመስለዋል፤ እውነቱን የሚያውቀው መኪናው ከገደል ከወጣ በኋላ ነው።

በአገራችን የመድን ሥራ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በግል ኩባንያዎች እጅ እያደገ ከቆየ በኋላ፣ በአብዮቱ ዘመን ኩባንያዎቹ ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ መስኩ ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ዳግመኛ ተከፈተ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣችው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ባለመኪናውን ሁሉ ለሌላው ሰው ዋስ እንዲጠራ ስታስገድድ፣ እኛ ወደዚያ ሥርዓት የደረስነው በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ሲወጣ ነው፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ከዚያ በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ባለቤቱ ድኻ ከሆነ ፍርዱ በወረቀት ላይ ይቀር ነበርና፣ የመድኑ አዋጅ ለተጎጂው ትልቅ ጸጋ መሆኑ አይካድም።

ይሁን እንጂ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተጻፉትን ቁጥሮች ያነበበ ሰው ሕሊናው ሳይታወክ አያልፍም። አንድ ሰው በመኪና አደጋ ሲሞት ለቤተ ሰቡ የሚከፈለው ካሳ ከ5,000 ብር እንዳያንስ፣ ከ40,000 ብርም እንዳይበልጥ ተወስኖ ሳለ፣ ለንብረት ጉዳት የተደረገው ወሰን 100,000 ብር ነበር። እርግጥ ነው፣ የንብረቱ ወሰን በአንድ አደጋ ለጠፋው ንብረት ሁሉ ሲሆን የሞቱ ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ተጎጂውም ከወሰኑ በላይ ያለውን ከባለመኪናው በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ቢሆንም በዳንግላ ገበያ መንገድ ዳር የቆመች አንዲት እናት ብትሞትና አጠገቧ የቆመ ቪትዝ ቢጨፈለቅ፣ ብረቱ ከእናቲቱ ይልቅ ብዙ ካሳ ሊያስገኝ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ፍትሕ ርትዕ ብሎ የሚጠራ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚህም የሚከፋው ቁጥሩ በተጻፈበት ቦታ ቆሞ ብሩ መውረዱ ነው። አዋጁ በወጣበት ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ18 እና በ19 ብር መካከል ይመነዘር ስለነበር፣ 40,000 ብር ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሊለቀቅ ሲቃረብ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ደርሶ ነበርና፣ ያው 40,000 ብር 700 ዶላር ብቻ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሦስተኛ ወገኑን ታሪፍም የካሳውንም ወሰን ከፍ ማድረጉ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ በቆየው መዘግየት አባቱን ያጣው ልጅ፣ እግሩን ያጣው ገበሬ፣ ዛሬ በወጣው ደንብ የትናንቱን ካሳ አይቀበልም። ስለዚህ በደሉ በቁጥሩ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ከኑሮው ጋር የሚመረመርበት የተወሰነ ጊዜ ባለመኖሩም ነበር እንጂ።

ይኸው የብር መውረድ ሙሉ መድን የገባውንም ሰው በሌላ በር ገብቶ ይጎዳዋል። ለምሳሌ አንድ ሰው ሚኒባሱን በ800,000 ብር ገምቶ መድን ገባ እንበል፤ ከምንዛሬው ለውጥ በኋላ ያው ሚኒባስ በገበያ 1,600,000 ብር ቢያወጣ፣ ሰውዬው ሳያውቀው የንብረቱን እኩሌታ ብቻ ያስጠበቀ ሆነ ማለት ነው። በመድን ውሎች በተለመደው የተመጣጣኝነት ደንብ መሠረት፣ ግጭት ደርሶ የጥገናው ወጪ 200,000 ብር ቢሆን፣ ኩባንያው የሚከፍለው 100,000 ብር ይሆናል፤ ከዚያም ባለንብረቱ ራሱ እንዲችለው በውሉ የተመደበው የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነስበታል፤ የአዲስ መለዋወጫም ዋጋ ስለመኪናው እርጅና ሊቀነስ ይችላል። ባለንብረቱ ተዘረፍሁ ብሎ ይጮኻል፤ ኩባንያው ውሉን አክብሬአለሁ ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን እውነት ይናገራሉ።

ለኩባንያዎቹም መመስከር ተገቢ ነው። የተሽከርካሪ መድን ከሕይወት ውጭ ባለው የመድን ሥራ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘ፣ ካሳውም እጅግ የበዛበት ዘርፍ ነው፤ መለዋወጫው ሁሉ በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ሲሆን፣ ከጋራዥ ጋር ተማክሮ ፕሮፎርማ የሚያስወድድም አይጠፋም። የዚህ ሰው ኃጢአት በጨዋው ደንበኛ አረቦን ላይ ይጫናል። ይሁንና አረቦኑ በይበልጥ የሚለካው በመኪናው ዋጋ፣ ዓይነትና አገልግሎት በመሆኑ፣ በእንጅባራ ጉም ውስጥ መብራቱን አብርቶ በዝግታ የሚነዳው አዛውንት ሾፌርና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚቀድመው ደፋር በሦስተኛ ወገኑ ታሪፍ ፊት አንድ ናቸው። ጥንቃቄ ዋጋ በማይሰጥበት ቦታ ጥንቃቄ እንዲበዛ መጠበቅ ከንቱ ነው።

መድን በመሠረቱ ለአዊ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው መከራ የደረሰበትን አንዱን የሚያነሡበት ዕድር ከእርሱ ብዙ አይርቅም። ነገር ግን የዕድሩ አባል ደንቡን በሚሰማው ቋንቋ ሲነበብ ያዳምጣል፣ ዳኛውን ያውቃል፣ ሒሳቡንም ይጠይቃል። የመድኑ ፖሊሲ በአንጻሩ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነውና፣ አፉን በአውኚ ፈትቶ በአማርኛ የተማረው የዳንግላ ባለባጃጅ የፈረመበትን ሳያነብ ይሄዳል። በዚያ ባላነበበው ገጽ ላይ ግን ጦርነትና ሁከት የሚያደርሱት ጉዳት ከተለመደው የመኪና ውል ውጭ መሆኑ፣ ለእርሱም የተለየ ሽፋን በተጨማሪ ክፍያ መግዛት እንዳለበት ተጽፎአል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግጭት በበዛበት በዚህ በአማራ ክልል፣ መኪናው በመንገድ ላይ ተቃጥሎበት ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ኀዘን ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያሻም።

ኩባንያዎቹን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ የውሉ ዋና ዋና ነጥቦች ባለንብረቱ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ተጽፈው ከፊርማ በፊት እንዲሰጡት ቢያስገድድ፣ የሞትና የአካል ጉዳት ካሳም በየጥቂት ዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲመረመር በሕግ ቢወሰን፣ ዛሬ ከሚሰማው ምሬት ብዙው በተቃለለ ነበር። እስከዚያው ድረስ ባለመኪናው ውሉን በሚያድስበት ቀን ያለፈውን ዓመት ግምት እንዲሁ ከመገልበጥ ይልቅ የመኪናውን የዕለቱን የገበያ ዋጋ ያስመዝግብ፤ አረቦኑ ይጨምርበታል፣ ካሳው ግን በእኩሌታ አይቈረጥበትም። በመንገድ ላይ የተጎዳውም ሰው የገጨው መኪና ቢያመልጥ ወይም መድን የሌለው ቢሆን እንኳ፣ ለእንዲህ ያለው ተጎጂ የተቋቋመ የመድን ፈንድ መኖሩን ይወቅ። ማንኛውም የጤና ተቋም አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጠው ሕግ ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለዚህ እስከ 2,000 ብር በነፃ መድቦ ነበር። ተጎጂው ቢሞትም ቤተ ሰቡ በኀዘን ላይ ሳለ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና የሆስፒታሉን ማስረጃ አሰባስቦ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ከመድን ውል የሚመነጭ መብት በንግድ ሕጉ መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳልና።