ገንዘቡ ጎጥ ድረስ ሲወርድ

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚሄደው መንገድ ገሳይ ሲደርስ ጉና ከነጉሙ በስተቀኝ ይታያል። ርብም ጉማራም ከዚህ ተራራ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ከወንዞቹ ራስ ላይ የሚኖረው የፋርጣ ገበሬ ግን ለረጅም ዘመን ውሃ የሚቀዳው ከብቱ ከሚጠጣበት ምንጭ ነበር። ዝናብ አልጎደለም። የጎደለው ምንጩን የሚከልል፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ሲበላሽም የሚያስጠግን፣ ገንዘብና ሥልጣን በእጁ ያለ አካል ነው።

ሹምማ ጠፍቶ አያውቅም። በንጉሡ ዘመን ጭቃ ሹምና አጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበር መጣ፤ ኋላም ቀበሌ። ግብር ለማስከፈልና ትእዛዝ ለማውረድ ሁሉም ብርቱዎች ነበሩ፤ ወደ ታች የሚያወርዱት ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ለአውራጃዎች ራሳቸውን የማስተዳደር መብት ሊሰጥ የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ እንኳ ፓርላማው ሳያጸድቀው ቀርቷል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ቃሉ በጀት እስኪያገኝ ግን ዓመታት ፈጅቷል። አማራን ጨምሮ አራት ክልሎች ለወረዳዎቻቸው ጥቅል በጀት መስጠት የጀመሩት በ1994 ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ግብርናው፣ ውሃው የወረዳ ጉዳይ ሆነ። በዚያው ዓመት የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ በአዳራሽ የተሰጠውን ሥልጠና፣ የተከፈለውንም አበል ቆጥሮ የሚዘልቀው ያለ አይመስለኝም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። የወረዳ በጀት ሲከፈት ትልቁን ድርሻ የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ደመወዝ ይወስደዋል። ይህ ብክነት አይደለም፤ ያለ አስተማሪ ትምህርት ቤት የለም። ግን ከደመወዝ ተርፎ ሥራ ማስኬጃ የሚሆነው ጥቂት ነው፤ የውሃ ባለሙያው ሞተር ሳይክል ቢኖረው ነዳጅ ያጣል። ግዥም ሲመጣ የሁሉም ጽሕፈት ቤቶች ሒሳብ በአንድ የፋይናንስ «ፑል» ስለሚያልፍ፣ ጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ ለመግዛት የጥቅምቱ ጥያቄ ለሰኔ ሊደርስ ይችላል። ሰኔ 30 በጀቱ ይዘጋል። አገልግሎት የሚሞተው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ሌባ ሳይነካው፣ በወረቀት መካከል።

ፋርጣን ጨምሮ በአማራ ክልል ወረዳዎች የተሠራው ነገር ጎልቶ የሚታየኝ በዚህ ምክንያት ነው። የፊንላንድ መንግሥት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የክልሉን የገጠር ውሃ ሥራ ሲደግፍ ቆይቶ፣ በ1996 ግድም አዲስ አካሄድ ተሞከረ፤ ገንዘቡን ለራሱ ለተጠቃሚው ማኅበረሰብ መስጠት። የጎጡ ሰዎች ሴቶች የሚገቡበት የውሃ ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው ለወረዳው ያመለክታል፤ ባለሙያ ቦታውን አይቶ ያጣራል፤ ሲጸድቅ ውል ይፈረማል። ብሩ የሚለቀቀው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በያኔው አብቁተ፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ በኩል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዝርዝር ነው ዋናው። ብር ለማውጣት የኮሚቴው ፈራሚዎች ቅርንጫፉ ድረስ ይሄዳሉ። ሲሚንቶውን ራሳቸው ዋጋ ጠይቀው ይገዛሉ፤ ግንበኛውን ራሳቸው ይቀጥራሉ፤ ደረሰኙን አስቀምጠው ለጎረቤት ያሳያሉ። ድንጋይና አሸዋ፣ ጉልበትም የነዋሪው ነው። ግንባታው ሳይጀመር ደግሞ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ቆጥበው ማሳየት አለባቸው። ጎረቤቱ የሚያውቀውን ሲሚንቶ ደብቆ መሸጥ ከባድ ነው፤ ኦዲተር ወጥቶ ይመለሳል፣ ጎረቤት ግን እዚያው ነው።

ወረዳው ከሥራ አልወጣም። ገዢ መሆኑ ቀርቶ መርማሪ፣ አሠልጣኝና ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ለዚህ ደግሞ ያለው የሰው ኃይል ይበቃዋል። ከ2003 ወዲህ ሥራው ኮዋሽ በሚባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎች ሲሰፋ፣ ለግንባታው የክልል መንግሥታት ከራሳቸው በጀት መመደብ ጀመሩ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው፤ የሰው ገንዘብ ሲሆን ማንም ያመሰግናል።

ሌላም አገር ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ዑጋንዳ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለትምህርት ቤቶች ከተመደበው ድጎማ ትምህርት ቤት የደረሰው 13 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት የተላከውን መጠን በጋዜጣ ማውጣት ከጀመረ በኋላ የሚደርሰው ከ80 በመቶ አለፈ። በእኛም አገር በ1998 የተጀመረው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አድርጓል። መለጠፉ ደግ ነው፤ ግን የተለጠፈው አብዛኛው ደመወዝ ከሆነ ገበሬው አንብቦ ምን ብሎ ይጠይቃል? የሚጠየቅበት ገንዘብ በጎጡ ስም ሲመጣ ነው ጥያቄው ጥርስ የሚያወጣው።

በሰሜኑ ጦርነት፣ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013፣ ነፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ እንደ ልቡ ከከተማ በማይወጣበት ጊዜ ቁጠባ ያለው የውሃ ኮሚቴ የፓምፕ ጎማ ገዝቶ ሊያስቀይር ይችላል። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። ውሃው ጠልቆ በሚገኝበት ሥፍራ ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍር ማሽን፣ የሚያጠና ጂኦሎጂስት ጎጥ አይቀጥርም። ያ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ሥራ ነው፤ የወረዳው በጀት ደግሞ ዛሬም ከደመወዝ ብዙ አላለፈም።